ለቻይናውያን አዲስ ዓመት ሻንዶንግ ድረስ ተጋብዘናል፤ እንዴት እንሁን?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ላለፉት አራት ዓመታት ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። እዚያው የምትሠራ አንዲት ቻይናዊት ባልደረባ አለችኝ፤ በሥራ የተጀመረው ትውውቃችን ውሎ አድሮ ወደ እህትነት ስለተለወጠ ባለፈው ፋሲካ ደሴ ሆጤ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ወስጃት ሦስት ቀን ሰንብታለች። እናቴ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስታነሣላት ፊቷ ቀልቶ ዘወር ብላ አየችኝና አፏን ከፍታ ተቀበለች። አሁን ደግሞ በተራዋ እኔንና አብራን የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬን በየካቲት ለሚከበረው አዲስ ዓመታቸው በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ወደሚኖሩት ወላጆቿ ዘንድ ጋብዛናለች፤ አሥር ቀን ያህል እንቆያለን። እኔ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ፤ ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። ሁለታችንም ከአገር ወጥተን አናውቅም። ምን ይዘን እንሂድ? ወላጆቿን ምን ብለን እንጥራቸው? ማዕድ ላይ እንዴት እንሁን? ከምን እንጠንቀቅ? እንዲህ ያከበረችንን ልጅ እናት አስቀይመን እንዳንመለስ ሰግቼ ነው የጻፍኩት።
ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ነገር ግን ከስጦታውም ከማዕዱም መቅደም ያለበት አንድ ጉዳይ ስላለ ከእሱ እጀምራለሁ። የማትበሉትን፣ የማትጠጡትንና ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድላችሁን ሁሉ ገና ከኮምቦልቻ ሳትነሡ ለባልደረባችሁ በግልጽ ንገሯት፤ እሷም ለእናቷ ደውላ እንድትነግርላችሁ አድርጉ። እኛ ሰው ቤት ከመሄዳችን በፊት «ይህን አልበላም፣ ያንን አልጠጣም» ብሎ መናገር ድፍረት ይመስለንና ሲቀርብልን እንደሁኔታው እንሆናለን ብለን ዝም እንላለን። በቻይናውያን ቤት ግን የሚያስቀይመው ይህ ዝምታ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት «ሚየንዝ» የሚሉትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «ፊት» ማለት ሲሆን፣ አንድ ሰው በዘመድና በጎረቤት ዘንድ ያለውን ክብር ያመለክታል። እኛም «ፊት ነሣኝ» ስንል ወይም «ይሉኝታ ያዘኝ» ስንል ከዚህ ብዙ አንርቅም። የባልደረባችሁ እናት ለበዓሉ ማዕድ ብዙ ቀን ትደክማለች። አጎትና አክስት በተሰበሰቡበት፣ ከሩቅ አገር የመጣች እንግዳ ያቀረበችላትን ሳህን ገፋ ስታደርግባት፣ ሴትዮዋ የሚታያት የእንግዳዋ ጾም ሳይሆን የራሷ መስተንግዶ ጉድለት ነው። ከሳምንታት በፊት ካወቀች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእንግዶቿ የሚስማማውን ፈልጋ ማዘጋጀቷ በዘመዶቿ ፊት የምትመሰገንበት ሙያ ይሆንላታል።

ዘንድሮ ደግሞ ይህ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያስፈልጋችኋል። የቻይናውያን አዲስ ዓመት በጨረቃና በፀሐይ ቆጠራ ስለሚወሰን ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል፤ በ2018 ዓ.ም. የሚውለው ማክሰኞ የካቲት 10 ነው። የዓመቱ ትልቁ ማዕድ ግን የሚቀርበው በዋዜማው ምሽት፣ ሰኞ የካቲት 9 ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ነው። ረመዳንም ጨረቃዋ ስትታይ በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 11 ገደማ ይጀምራል። እርስዎ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ፣ ጓደኛዎ ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ ጾመኛ ሆናችሁ ነው የቤቱ የዓመት ድግስ የሚጠብቃችሁ። በመንገደኛ ላይ ስላለው የጾም ሥርዓት እያንዳንዳችሁ የሃይማኖት አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ እኔ የማስረዳው ለአስተናጋጆቻችሁ እንዴት እንደሚነገር ነው።

ለእርስዎ የሚያገለግለው ቃል «ች ሱ» ነው፤ ከሥጋ ተከልክሎ የአትክልት ምግብ መብላት ማለት ነው። ቃሉ ከቡድሃ እምነት ጋር ስለሚያያዝ ማንም ይረዳዋል፣ ማንም አይገረምበትም። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ብዙ ሰው «ች ሱ» ሲባል እንቁላልና ወተት የተፈቀዱ ስለሚመስለው፣ እነዚህንም እንደማይበሉ በስም ጠርታ እንድትነግርልዎ ያስፈልጋል። ጎመኑም ቢሆን አንዳንድ ቤት በአሳማ ስብ ስለሚጠበስ፣ በዘይት እንዲሆን ይጨመርበት። ለጓደኛዎ የሚሆነው ቃል «ቺንግዠን» ነው፤ እኛ ሐላል የምንለው ነው። ሁዪ የሚባሉት ሙስሊም ቻይናውያን በመላ አገሪቱ ተሰራጭተው ስለሚኖሩ፣ የላንዡ የበሬ ሥጋ ኑድል የሚሸጡትን ትንንሽ ምግብ ቤቶቻቸውን የማያውቅ ከተሜ የለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ «ሮው» ማለት ሥጋ ማለት ሲሆን፣ የምን ሥጋ እንደሆነ ሳይገለጽ ብቻውን ከተጠራ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። ጓደኛዎ «ሥጋ እበላለሁ» ብላ ካለፈች፣ በቅን ልብ የሚቀርብላት እሱ ነው። ለእሷ የሚሆን ድስትና መጥበሻ ለብቻው እንዲለይላት ባልደረባችሁን መጠየቅም ነውር የለበትም፤ ዕቃውን ሁለታችሁ ደርሳችሁ ገዝታችሁ ብታበረክቱ ደግሞ ከስጦታ ይቆጠራል።

ረሃብ ግን አትፍሩ። ሻንዶንግ የስንዴና የአትክልት አገር ናት፤ በእንፋሎት የሚበስለው ዳቦ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ በነጭ ሽንኩርት የሚጠበሰው ጎመን ለጿሚ የተሰናዱ ይመስላሉ። ጂያውዝ የሚባለው፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀለው የበዓል ምግብ በአብዛኛው የአሳማ ሥጋና ጎመን ይገባበታል፤ ሆኖም በሻንዶንግ ብዙ ቤቶች አዲሱ ዓመት ሰላም የሰፈነበት እንዲሆን እየተመኙ በመጀመሪያው ጠዋት ሥጋ የሌለበትን ጂያውዝ ይበላሉ። ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ጠረጴዛ ከቦ ጂያውዝ ሲጠቀልል እናንተም እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡበት፤ አጠቃለሉ ቢያስቸግራችሁም እናትየው ደስ እያላት ታሳያችኋለች፣ እግረ መንገዳችሁንም የራሳችሁን በምልክት ለይታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ለመልካም ዕድል ተብሎ በአንዱ ውስጥ ሳንቲም የሚደበቅበት ቤት ስላለ ስትነክሱ ቀስ በሉ።

ወደ ስጦታው ልለፍ። በሻንዶንግ ዋና ከተማ በጂናን ተማሪ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ለበዓል ወላጆቹ ቤት ወስዶኝ ነበር። እናቴ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችውን፣ ጥለቱ እንደ ክር የቀጠነ ንጹሕ ነጭ ነጠላ ለአያቱ ይዤላቸው ሄድኩ። አያትየው በሁለት እጃቸው ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡት፤ እኔ ግን ደስታቸውን ለማየት ቸኩዬ «ይክፈቱት፣ ይክፈቱት» አልኩ። ገለጥ አደረጉት፤ እጃቸው እጥፋቱ ላይ ቀረ። ማንም አልተናገረም። የጓደኛዬ እናት ቀስ ብላ ተነሥታ፣ ነጠላውን መልሳ አጣጥፋ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች፤ ስትመለስም ብርቱካን ልጣ አቀረበችልኝ። በቻይና ነጭ ጨርቅ የሐዘን ልብስ መሆኑን፣ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ነጭ እንደሚለብስ፣ ስጦታም በሰጪው ፊት እንደማይከፈት ማታ ጓደኛዬ ሲነግረኝ ነው ያወቅሁት። ለሰማንያ ዓመት አዛውንት፣ ያውም በዘመን መለወጫ፣ ነጭ ነጠላ! ይኸው ዓመታት አልፈው እንኳ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ከደሴ ገበያ የሀገር ልብስ መግዛት ካሰባችሁ ቀይ፣ ወርቃማ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም የገባበትን፣ ጥለቱ ሰፋ ያለውን ምረጡ፤ ቀይ በእነሱ ዘንድ የደስታና የበዓል ቀለም ነው። ቀይ የበዛበት ትንሽ የወሎ ስፌትም ያማረ ስጦታ ይሆናል። ቡና የምትወስዱ ከሆነ የተቆላና የተፈጨ ይሁን፤ ጥሬ ቡና ዘር ስለሆነ በኬላ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፣ ቤት ውስጥም የሚቆላበት ምጣድ አያገኝም። መጠቅለያው ነጭ ወይም ጥቁር አይሁን። ሰዓት ለስጦታ አይሰጥም፤ «ሰዓት ሰጠ» የሚለው አባባል በቋንቋቸው «ወላጅን ቀበረ» ከሚለው ጋር በድምፅ አንድ ነው። ጃንጥላ መበተንን፣ ፒር የሚባለው ፍሬ መለያየትን በድምፃቸው ስለሚያስታውሱ እነሱንም ተዉአቸው። ፍራፍሬ ለመግዛት ከፈለጋችሁ የፖም ስም ሰላምን ስለሚያስታውስ ፖም ግዙ። ብዛቱ ጥንድ ጥንድ ቢሆን መልካም ነው፤ አራት ግን አይሁን፣ ምክንያቱም አራት የሚለው ቃል ሞት ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ስምንት ከብልጽግና ጋር ስለሚያያዝ ይወደዳል። ስጦታውን በሁለት እጅ አቅርቡ። «ለምን ተቸገራችሁ» እያሉ አንድ ሁለት ጊዜ ቢመልሱባችሁ እውነት እንዳይመስላችሁ፤ ወሎዬ ይህን ጨዋታ መማር አያስፈልገውም። ለእናንተም ገንዘብ ያለበት ቀይ ፖስታ፣ ሆንግባው የሚሉት፣ ቢሰጣችሁ በሁለት እጅ ተቀብላችሁ ሳትከፍቱ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ ከጨዋነት ያለፈ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ይለኛል። ማንም ሰው ምንም ያህል ቢለምናችሁ ጫት ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ትኩሱም ሆነ ደርቆ ሻይ ቅጠል የመሰለው ጫት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በቻይና ሕግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው አደንዛዥ ዕፆች ተርታ ተመድቧል፤ የያዘ ሰው የሚጠብቀው እስር ነው። የሌላ ሰው ዕሽግ፣ የዘመድም ቢሆን፣ ከፍታችሁ ሳታዩ አትቀበሉ። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብም በሻንጣ ይዞ መግባት የተከለከለ ስለሆነ ኬላ ላይ ይወሰድባችኋል። እንደደረሳችሁ ደግሞ፣ ሆቴል ሳይሆን ሰው ቤት የሚያርፍ የውጭ አገር ዜጋ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ያዛል። አስተናጋጆቻችሁ የውጭ አገር እንግዳ አስተናግደው የማያውቁ ከሆነ ላያስታውሱት ይችላሉ። ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ «የምዝገባው ነገር እንዴት ይሁን?» ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፤ ያስጠጓችሁን ሰዎች ከችግር መጠበቅ የእንግዳ ግዴታ ነው።

አጠራሩ ቀላል ነው። የጓደኛን አባት «ሹሹ»፣ እናትን «አዪ» ይሏቸዋል፤ አጎትና አክስት እንደማለት ነው። ወንድ አያት «ዬዬ»፣ ሴት አያት «ናይናይ» ናቸው። በስማቸው አትጥሯቸው። እኛ «አንተ»ን ከ«አንቱ» እንደምንለይ እነሱም ታላቅን የሚያከብሩበት «ኒን» የሚል ቃል አላቸው፤ ይህን አንድ ቃል እንኳ በትክክል ብትሉት አያትየው ሰምተው ለጎረቤት ያወሩታል። የቤተሰብ ስም ከግል ስም ቀድሞ ይመጣል፤ ያገባች ሴትም የአባቷን ቤት ስም ይዛ ስለምትቀር እናትየውን በባሏ ስም እንዳትጠሯት። ሰላምታ ስትለዋወጡ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም የለም፣ ማቀፍም አልተለመደም፤ ፈገግ ብሎ ራስን ዝቅ ማድረግ ወይም በዝግታ መጨበጥ ይበቃል። ብርድ የመሰላችሁ ይህ አቀባበል ብርድ አይደለም። በራፍ ላይ ጫማ ስታወልቁ ለእግራችሁ ልክ የተመረጠ ነጠላ ጫማ ተዘጋጅቶ ታገኛላችሁ፤ ወዲያው ሙቅ ውኃ በብርጭቆ ይቀርባል፤ ጥቂት ቆይቶ ፍራፍሬ ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ በሳህን ይመጣል። እናትየው ሳትታቀፉ ታቅፋችኋለች።

ማዕዱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም ሻንዶንግ የጥንቱ ፈላስፋ ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 የተወለደባት አገር ናት፤ የትውልድ ከተማው ቹፉ እዚያው ናት፤ እሱ ያስተማረው የታላቅና የታናሽ ሥርዓትም ዛሬ ድረስ በጠረጴዛ ዙሪያ በግልጽ ይታያል። በር በሩን የሚያየው ወንበር የቤቱ ዋና አስተናጋጅ ነው፤ የክብር እንግዳው ከእሱ በስተቀኝ ይቀመጣል። ስለዚህ ክፍት ወንበር ባያችሁበት አትቀመጡ፤ ቆማችሁ እስኪያሳዩአችሁ ጠብቁ። ከፍ ያለው ቦታ ሲሰጣችሁ አንድ ጊዜ ለአያትየው ለመልቀቅ ሞክሩ፣ እንቢ ካሉ ተቀመጡ። ታላቁ ሰው ሳያነሣ ማንም አያነሣም። ሙሉ ዓሣ ሲቀርብ ራሱ ወደ እንግዳው እንዲዞር ተደርጎ ነው፤ ቢበሉትም ባይበሉትም ክብሩ ለእናንተ መሆኑን አውቃችሁ አመስግኑ። የዋዜማው ዓሣ ተበልቶ አያልቅም፤ ዓሣ የሚለው ቃል «ትርፍ» ከሚለው ጋር አንድ ድምፅ ስላለው ለሚመጣው ዓመት እንዲተርፍ ይተዋል።

ቾፕስቲክ በሚባሉት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች መብላቱን ከአሁኑ ተለማመዱ። ኮምቦልቻ ቁጭ ብላችሁ የሽምብራ ቆሎ አንድ በአንድ እያነሣችሁ ብትለማመዱ፣ ሻንዶንግ ስትደርሱ ቶፉ አያስቸግራችሁም። ዘንጎቹን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ለሙታን የሚተከል ዕጣን ይመስላል፣ ማዕድ ላይ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም። ጎድጓዳ ሳህን አትምቱባቸው፣ ሰው አትጠቁሙባቸው፣ የጋራውን ሳህን እየቆፈራችሁ አትፈልጉ፤ በእናንተ በኩል ካለው ብቻ አንሡ። ግራ እጅ ማዕድ ላይ መውጣቱ ለእኛ ነውር ሲሆን፣ እዚያ ግን የሩዙን ሳህን በግራ እጅ አንሥቶ ወደ አፍ ማስጠጋት ነው የሚገባው፤ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ጎንበስ ማለት አያምርም።

ስለ እናትዎ ጉርሻ ጽፈውልኛል፤ የእነሱም ጉርሻ አለ፣ የሚያርፈው ግን ሳህን ላይ ነው። እናትየው መልካም መልካሙን በዘንግ እያነሣች ሳህናችሁ ላይ ትደረድረዋለች። እንደ ጉርሻው ሁሉ አንዱን ተቀብሎ ሁለተኛውን መመለስ ከባድ ነው፤ የተለየው ነገር ሳህናችሁ ባዶ በሆነ ቁጥር «ገና አልጠገበችም» ተብሎ መሞላቱ ነው። ስለዚህ በዝግታ ብሉ፤ ስትጠግቡ ከተደረገላችሁ ጥቂት ተዉና «ጠገብኩ፣ በጣም ይጣፍጣል» በሉ፤ ሦስት ጊዜ ማለት ሊኖርባችሁ ይችላል። የጨመራችሁት ሩዝ ግን ባይተርፍ ይሻላል። በምላሹ እናትየውን ማጉረስ አምሮዎት በእጅዎ ወደ አፏ እንዳይዘረጉ፤ ለጋራ የተቀመጠውን ዘንግ አንሥተው ሳህኗ ላይ ያድርጉላት፤ ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ ይደርሳታል።

መጠጡም ሥርዓት አለው። ባይጂዩ የሚባለው የእህል አረቄያቸው ከእኛ ካቲካላ የሚተናነስ አይደለም፤ በሻንዶንግ ደግሞ አስተናጋጁ በየተራ እያስነሣ «ጋንቤይ» ይላል፣ ብርጭቆውን ጨልጡት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ለትሕትና ብሎ ቀምሶ ሁለተኛውን እንቢ ማለት አይቻልም፤ የጀመረ እንደሚችል ይቆጠራል። ስለዚህ የማትጠጡ ከሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ አትንኩ። ለዚህ የታወቀ መውጫ አላቸው፤ «ሻይ በአረቄ ፈንታ» የሚል። ሻያችሁን በሁለት እጅ አንሡ፣ ስታጋጩ የብርጭቆአችሁን አፍ ከታላቁ ሰው ብርጭቆ ዝቅ አድርጉ፤ አክብሮቱ ከመጠጡ ይበልጥ የሚታየው በዚያ ነው። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። እኛ ቡና ሞልተን ስንቀዳ፣ ጎደሎ ሲኒ ቅሬታ ሲያመጣ፣ እነሱ ሻይን ከአሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ይቀዳሉ፤ ሞልቶ የተቀዳ ሻይ እንግዳን እንደማቃለል ይቆጠራል። ሲኒያችሁ ቢጎድል አትከፉ፤ እናንተም ስትቀዱላቸው አትሙሉት።

በቤት ውስጥ ሰዓታችሁን ከቤቱ ሰዓት ጋር አስማሙ። በማለዳ ይነሣሉ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ይታጠባሉ፤ መቼ መታጠብ እንደሚሻል ጠይቁ። ለመታጠቢያ ቤት የተለየ ነጠላ ጫማ ካለ እሱን ተጫሙ። የመጸዳጃ ወረቀት በብዙ ቤቶች የሚጣለው አጠገቡ ባለው ቅርጫት ውስጥ ነው። ዕቃ እናጠብ ብትሉ እናትየው ከማጀት ታስወጣችኋለች፤ ግን ጠረጴዛውን ከማንሣት አትቦዝኑ፤ በሦስተኛው ቀን ፎጣ ካቀበለቻችሁ ከእንግድነት ወደ ቤተኛነት አልፋችኋል ማለት ነው።

በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ቤት አይጠረግም፤ ከቆሻሻው ጋር ዕድል ይወጣል ብለው ስለሚፈሩ መጥረጊያ አታንሡ። ስለ ሞት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ዕዳ አታውሩ። ሳህን ቢሰበርባችሁ አትደንግጡ፤ «ሱይ ሱይ ፒንግ አን» ይባላል፣ «ዓመት ከዓመት ሰላም» ማለት ነው፤ «መሰበር» የሚለው ድምፅ «ዓመት» ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል ክፉውን ወደ ምርቃት ይለውጡታል። በሻንዶንግ ገጠር ታናናሾች በዚያ ጠዋት ታላላቆቻቸውን በግንባራቸው ተደፍተው እጅ የሚነሡበት ልማድ አለ፤ ከእንግዳ አይጠበቅም። ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ለሆነላችሁ ለሁለታችሁ «ጉዎ ኒየን ሃው» ብሎ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ «እንኳን አደረሳችሁ» እንደማለት ነው። ለቀደሙ አያቶች ምግብና ዕጣን ሲቀርብ ካያችሁ በዝምታ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ፎቶ አታንሡ፣ ምን እንደሆነ መጠየቅ ከፈለጋችሁም ሌላ ቀን ይሁን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ቡና አፍልታችሁ ልታስደስቷቸው ማሰባችሁ አይቀርም፣ መልካምም ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን እየነገራችሁ ብትቀዱ እናትየው መቼም አትረሳውም። ዕጣኑን ግን ተዉት፣ ወይም አስቀድማችሁ ባልደረባችሁን ጠይቁ። ለእኛ የቡና ዕጣን የጨዋታ ሽታ ነው፤ ለእነሱ ዕጣን ከመቅደስና ከሙታን መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በሳሎን መሐል በአዲስ ዓመት ሲጨስ ለአያትየው ሊከብዳቸው ይችላል።

ጥያቄ ይበዛባችኋል። ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ደመወዝሽ ስንት ነው፣ ለምን አላገባሽም ይሏችኋል፤ የደሴ ጎረቤትም ከዚህ ያነሰ ስለማይጠይቅ ይህ አይገርማችሁም። ደመወዛችሁን መናገር ካልፈለጋችሁ «ለኮምቦልቻ ኑሮ ይበቃል» ብላችሁ እለፉ። የሚከብደው ስለ መልካችሁ የሚነሣው ነው። በትንንሽ ከተሞች ጥቁር ሰው በቅርብ አይቶ የማያውቅ ብዙ ነው፤ ልጆች ፀጉራችሁን ሊነኩ፣ አላፊ አግዳሚው ሳይጠይቅ ፎቶ ሊያነሣችሁ፣ አንዳንዱም የሚያስከፋ ቃል ሊወረውር ይችላል። ከማያውቁ የሚመጣውን በትዕግሥት ማለፍ ይቻላል፤ የሚያዋርድ ነገር ሲሆን ግን ስለ እንግድነታችሁ ብላችሁ ዋጡት አልላችሁም። ለብቻችሁ ስትሆኑ ለባልደረባችሁ ንገሯት፤ በሰው ፊት ካልሆነ የማንም ፊት አይነሣም፣ እሷም ዘመዶቿን በራሷ መንገድ ትመክራለች።

የመመለሻችሁን ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡ። በአዲስ ዓመት ሰሞን አገሩ ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ሄዶ ስለሚመለስ፣ ቹንዩን በሚባለው የ40 ቀን የጉዞ ወቅት የባቡር ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ ትኬት ከጉዞው 15 ቀን በፊት ለሽያጭ ስለሚቀርብ ባልደረባችሁ በዚያው ዕለት እንድትቆርጥላችሁ አድርጉ። እናትየው «ሦስት ቀን ጨምሩ» ማለቷ አይቀርም፤ ትኬቱን ስታሳዩአት ልመናው ፊት ሳይነሣ ይቆማል። ሌሊቱን ጂያውዝ፣ ፖምና የተቀቀለ እንቁላል ስታሽግላችሁ ታድራለች፤ እንቁላሉን ጾም ነው ብላችሁ አትመልሱባት፣ ባቡር ውስጥ ለሚበላ ሰው ስጡት። ቤተሰቡ እስከ መኪናው ወርዶ ይሸኛችኋል፤ «ማን ዞው» ይሏችኋል፣ «ቀስ ብላችሁ ሂዱ» ማለት ነው። መኪናው እስኪታጠፍ ቆመው ስለሚያዩአችሁ ዞር ብላችሁ እጃችሁን አውለብልቡ። ኮምቦልቻ ስትገቡም ሻንጣችሁን ከመፍታታችሁ በፊት ዊቻት በሚባለው የስልክ መልእክት መላኪያቸው «በሰላም ገብተናል» ብላችሁ ላኩላት፤ ሌሊትም ቢሆን ስልኳን ይዛ ትጠብቃችኋለች።